«ጅረቱ ራሱን ያጠራል»? ስለ ትንሽ ከተማ ፍሳሽ ማጣሪያ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ጣና ዳር ባለች ትንሽ ከተማ ነው። ከባሕር ዳር በሚኒባስ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሕዝባችን ሃያ ሺህ ገደማ ነው። በከተማዋ መሃል የሚያልፍ ጅረት አለ፤ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ሄዶ ጣና ይገባል። በቅርቡ በአንድ ስብሰባ ላይ ፍሳሽ ማጣሪያ ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነሣ። አንዳንዱ ‹ወንዝ ራሱን ያጠራል፤ ድሮም እንዲህ ኖረናል፤ ገንዘቡ ለመንገድ ይዋል› አለ። ሌላው ‹እንደ ፈረንጅ አገር ዘመናዊ ማሽን ይተከል፤ እንቦጩም ይጠፋል፤ የሚወጣውም ውሃ ይጠጣል› አለ። እኔ የኮሚቴ አባል ነኝ። ማንን ልስማ? ማጣሪያው በእርግጥ ጅረቱንና ሐይቁን ያድናል? የሚወጣውን ውሃስ ለአትክልት ብናደርገው?»

ምላሽ፦

ሁለቱንም አይስሙ። የመጀመሪያው ወገን ግማሽ እውነት ይዟል። ሁለተኛው ጥሩ ምኞት ይዟል። ከግማሽ እውነቱ ልጀምር፤ ብዙ ከተማ ያሳተው እሱ ነው።

ወንዝ ራሱን ያጠራል። ይህ ተረት አይደለም። ቆሻሻ ውሃ ውስጥ ሲገባ በዓይን የማይታዩ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። ሲበሉ ግን ይተነፍሳሉ። የሚተነፍሱት ውሃው ውስጥ የሟሟውን ኦክስጅን ነው። ዓሣውም የሚተነፍሰው ያንኑ ነው። ስለዚህ ፍሳሽ ጅረት ውስጥ መልቀቅ በጅረቱ ስም መበደር ነው። ዕዳው የሚከፈለው በኦክስጅን ነው። በሙያው ይህ ዕዳ ቢኦዲ ይባላል፤ ባክቴሪያዎች በአምስት ቀን ውስጥ ቆሻሻውን ሲበሉ የሚፈጁትን ኦክስጅን ይለካል። ጅረት ከላዩ ካለው አየር ቀስ እያለ ኦክስጅን ስለሚስብ ትንሽ ዕዳ ይከፍላል። ትልቅ ዕዳ ግን ይገድለዋል።

የእናንተን ሒሳብ እንሥራ። አንድ ሰው በቀን 40 ግራም ያህል ቢኦዲ ያወጣል። ሃያ ሺህ ሰው ሲሆን በቀን 800 ኪሎ ግራም መጣ። ጅረታችሁ በሚያዝያ ምን ያህል እንደሚወርድ አልጻፉልኝም። በሰከንድ 100 ሊትር ነው እንበል፤ ግማሽ በርሜል ማለት ነው። ለበጋ ጅረት ይህ በጣም ቸር ግምት ነው። የከተማዋ ፍሳሽ በሙሉ እዚያ ቢገባ በእያንዳንዱ ሊትር ውስጥ ከ80 ሚሊ ግራም በላይ ዕዳ ይኖራል። ጅረቱ በኪሱ ያለው ስንት ነው? ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃው የሚይዘው ኦክስጅን በባሕር ጠረፍ ካለው ውሃ በአንድ አምስተኛ ያህል ያንሳል። በእኛ ሙቀት አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ የሚይዘው 7 ሚሊ ግራም ያህል ነው። ኪሱ ውስጥ ሰባት ብር ይዞ የሰማንያ ብር ሒሳብ የመጣበት ሰው በሉት።

እርግጥ ዛሬ ሁሉም ሰው ሽንት ቤቱን ወደ ጅረቱ አላዞረም። አብዛኛው ጉድጓድ ነው የሚጠቀመው። ስለዚህ 80 የመጨረሻው ክፉ ቁጥር ነው። ግን ሩቡ እንኳ ቢደርስ ከሃያ በላይ ነው። ሃያም ከሰባት ይበልጣል። «ድሮም እንዲህ ኖረናል» ለሚሉት መልሱ ይኸው ነው፤ ድሮ ሃያ ሺህ አልነበራችሁም፤ ቤቱም ቧንቧ አልነበረውም። ቧንቧ ሲገባ ሰው ብዙ ውሃ ይደፋል። የተደፋው ውሃ ደግሞ መሄጃ ይፈልጋል።

ሁለተኛው ችግር ጊዜ ነው። ራስን የማጥራቱ ሥራ ቀናት ይፈጃል። ጅረታችሁ በሰከንድ 30 ሳንቲ ሜትር ቢሄድ ሦስቱን ኪሎ ሜትር ሦስት ሰዓት ሳይሞላው ይጨርሰዋል። ባክቴሪያዎቹ ገና ምሳቸውን አልጀመሩም። ዕዳው ሳይከፈል ጣና ይደርሳል ማለት ነው። አባይ ማደሪያ የለው ግንድ ይዞ ይዞራል ይባላል። የእናንተ ጅረት ግን ማደሪያ አለው። ማደሪያው ጣና ነው፤ የያዘውንም እዚያው ያራግፋል።

ለዚህ ነው ከቱቦው አፍ ላይ ቆሞ «ምንም አልሆነም» ማለት የሚያሳስተው። ቱቦው አፍ ላይ ውሃው ገና ከላይ ይዞት የመጣው ኦክስጅን አለው። ኦክስጅኑ እጅግ የሚወርደው ዝቅ ብሎ ነው። ሰፊና ረጅም ወንዝ ላይ በብዙ ኪሎ ሜትር ዝቅ ብሎ ሊሆን ይችላል። በእናንተ ዘንድ ግን ያ ክፉ ቦታ የሐይቁ ዳርቻ ላይ ይወድቃል። ጣና ትልቅ ሐይቅ ነው፤ ግን ጥልቅ አይደለም። በጣም ጥልቅ የሚባለው ቦታ 15 ሜትር ገደማ ነው። ዳርቻው ደግሞ ጉልበት የማያልፍ ነው። ቆሮሶ እንቁላሉን የሚጥለው በዚያ ነው። ሌላ ቦታ የማይገኙት የጣና ዓሣ ዝርያዎች አንዳንዶቹ በክረምት ወደ ገባር ወንዞች ወጥተው ጠጠር ላይ ይጥላሉ። በነገራችን ላይ «አምባዛ እየተያዘ ነው፤ ውሃው ደህና ነው» የሚል ሰው ካለ አይመኑት። አምባዛ ብቅ ብሎ ከላይ አየር መሳብ ይችላል። ቆሮሶ በማይኖርበት ውሃ አምባዛ ይኖራል።

የባሕር ዳር ሰውም «አባይ ትልቅ ነው፣ ያጥበዋል» ሲል እሰማለሁ። ከ1988 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ የጨረጨራ ግድብ ከሐይቁ ወደ አባይ የሚወጣውን ውሃ ይቆጣጠራል። ከ2002 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ ብዙው ውሃ በዋሻ ወደ በለስ ወንዝ ይሄዳል። በበጋ በድልድዩ ሥር የሚያልፈው ውሃ መጠን በአብዛኛው የሚወሰነው በሰው እጅ ባለ በር ነው። በሌላ ሰው በር ላይ ተማምኖ ፍሳሽ መልቀቅ ዕቅድ አይባልም።

ወደ ማጣሪያው እንምጣ። ማጣሪያ ጣቢያ ወንዙ በቀናት የሚሠራውን ሥራ አጥር ውስጥ ማሠራት ነው። የተለየ ምስጢር የለውም። የሚሠሩት እነዚያው ባክቴሪያዎች ናቸው። ልዩነቱ ዕዳው ጅረቱ ላይ ሳይሆን አጥሩ ውስጥ መከፈሉ ነው። ጥሩ ጣቢያ ከመቶ ዘጠናውን እጅ ይከፍላል። የእናንተ 80 ወደ 8 ወረደ ማለት ነው። 8 እንኳ ለደካማ የበጋ ጅረት ቀላል ሸክም አይደለም። ይህን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ዘመናዊ ማሽን የሚባለው ባክቴሪያዎቹን በሞተር አየር እየነፋ የሚያፋጥን ነው። ዘዴው እ.ኤ.አ. በ1914 እንግሊዝ አገር ማንችስተር ውስጥ የተወለደ ነው። ስለዚህ «ዘመናዊ» ሲባል አይደንግጡ፤ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። ሥራውን በሰዓታት ይጨርሳል። ቦታ አይፈጅም። መሬት በወርቅ ዋጋ ለሚሸጥበት ትልቅ ከተማ ተገቢ ነው። ግን ሌት ተቀን መብራት ይፈልጋል። መብራት ለግማሽ ቀን ሲጠፋ ባክቴሪያዎቹ ይታፈናሉ። የሞተው መንጋ እስኪተካ ሳምንታት ሊወስድ ይችላል። «ጄኔሬተር እንገዛለን» ይሏችኋል። ናፍጣውን ማን ሊገዛ?

አንድ ከተማ ሄጄ ያየሁትን ልንገራችሁ፤ ስሟን ልተወው። ማሽኑ የተመረቀበት ዕለት ፎቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ በፍሬም ተሰቅሏል። ማሽኑ ግን ከቆመ ወራት ሆኖታል። የተበላሸችው አንዲት የፓምፕ መለዋወጫ ናት። ዕቃዋ ከውጭ መምጣት አለባት፤ የውጭ ምንዛሪ ጥያቄው ደግሞ የሆነ ጠረጴዛ ላይ ተኝቷል። ፍሳሹስ? ዘበኛው በጎን ያለውን ቦይ አሳየኝ። ቀጥ ብሎ ወንዝ ይገባል። «ሲመረቅም እንዲሁ ነበር» አለኝ ፈገግ ብሎ። ቀልዱን ይሁን ቁም ነገሩን እስካሁን አላወቅኩም።

ለእናንተ የሚሆነው ኩሬ ነው። የአዲስ አበባው የቃሊቲ ጣቢያ እንኳ ለብዙ ዓመታት በኩሬ ነው የሠራው። ኩሬዎቹ በተርታ ይቆፈራሉ፤ ውሃው ከአንዱ ወደ አንዱ በራሱ ቁልቁለት ይወርዳል። የመጀመሪያው ጥልቅ ነው፤ ከሦስት እስከ አምስት ሜትር። እዚያ ደለሉ ወደ ታች ይዘቅጣል፤ አየር የማይፈልጉ ባክቴሪያዎች ይበሉታል። በእኛ ሙቀት ግማሹን ዕዳና ከዚያም በላይ እዚያው ይጨርሳሉ። ሁለተኛው ሰፊና አንድ ሜትር ተኩል ያህል ጥልቀት ያለው ነው። እዚህ ፀሐይ ትገባለች። አረንጓዴ አልጌ ይበቅላል። አልጌው ቀን ቀን ኦክስጅን ይሠራል፤ ባክቴሪያዎቹ ያንን እየተነፈሱ የተረፈውን ይበላሉ። ማሽኑ በመብራት የሚነፋውን አየር እዚህ ፀሐይ በነፃ ትሰጣለች። ባሕር ዳርና አካባቢዋ ፀሐይ መቼ ቸገራቸው? የመጨረሻዎቹ ሁለት ወይም ሦስት ኩሬዎች ጥልቀታቸው አንድ ሜትር ገደማ ነው። ሥራቸው ጀርም መግደል ነው። የፀሐዩ ጨረርና አልጌው ከሰዓት በኋላ የሚለውጠው የውሃው ጠባይ ተባብረው ይገድሉታል። ውሃው በጠቅላላው ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የወስፋትና የሌሎች ትሎች እንቁላል ከባድ ስለሆነ ወደ ታች ይዘቅጣል።

ለሃያ ሺህ ሰው ከነግድግዳውና ከነመንገዱ ከሦስት እስከ አራት ሄክታር ይበቃል። ይህ ነው ዋናው ወጪ። ገበሬ ይነሣል፣ ካሳ ይከፈላል፣ ክርክር ይነሣል። ይህን አሁን ተነጋግራችሁ ጨርሱት። ከተማዋ ስታድግ መሬቱ አይገኝም።

ኩሬው ሥራ ከጀመረ በኋላ አንድ ነገር እንደሚገጥማችሁ ከአሁኑ ልንገራችሁ። የሚወጣው ውሃ አረንጓዴ ይሆናል። ሰው «ይኸው አልተጣራም» ብሎ ይጮኻል። አረንጓዴው አልጌ ነው፤ ሰገራ አይደለም። ጥቁርና የሚሸት ከሆነ ግን ያኔ ሰውየው ልክ ነው፤ ኩሬው ተጨናንቋል። የመጀመሪያው ኩሬ ደለል ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ባለው ጊዜ መጠረግ አለበት። ብዙ ኩሬ የሚሞተው ይህን የሚያስታውስ ሰው ጠፍቶ ነው። ዳር ዳሩ ላይ ሣርና ቄጤማ እንዲበቅል አትፍቀዱ። ቀንድ አውጣ ይራባበታል፤ ትንኝም እንዲሁ። ጣና ዳር ቢልሃርዝያ የታወቀ በሽታ ነው፤ በሽታውን የሚያስተላልፈው ደግሞ ቀንድ አውጣ ነው። አጥርም የግድ ነው። ልጆች ለዋና ጠልቀው የሚቀሩበት ቦታ እንዳይሆን።

«የሚወጣው ውሃ ይጠጣል» ላሉት አንድ ስሌት ይበቃል። በአንድ የሻይ ብርጭቆ ጥሬ ፍሳሽ ውስጥ አሥር ሚሊዮን ያህል የሰገራ ባክቴሪያ አለ። ከመቶ ዘጠና ዘጠኙን ገደልን እንበል። በጣም ጥሩ ይመስላል። የቀረው ግን መቶ ሺህ ነው። ክሎሪን ሳይጨመርበት ከማሽን የሚወጣ ውሃ ብዙውን ጊዜ እዚህ አካባቢ ነው የሚቀረው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1989 ባወጣው መመሪያ ጥሬውን የሚበላ አትክልት ለማጠጣት የፈቀደው በዚያው ብርጭቆ ውስጥ ከአንድ ሺህ የማይበልጥ ነው። በደንብ የተያዘ ኩሬ እዚያ ይደርሳል። በዚህ ኩሬው ማሽኑን ይበልጠዋል። መጠጥ ውሃ ግን ከዚህም በጣም ሩቅ ነው። ማጣሪያው የሚሠራው ጅረቱን ለመጠበቅ ነው፤ ጀሪካን ለመሙላት አይደለም።

እንቦጩን በተመለከተ ቅር ላሰኛችሁ ነው። ማጣሪያው እንቦጭን አያጠፋም። እንቦጭ ጣና ላይ በ2004 ዓ.ም. አካባቢ በሰሜን በኩል ከታየ ጀምሮ አብዝቶ የተንሰራፋው በሰሜንና በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ ነው። ትልቁን ቀለብ የሚያገኘው በክረምት ከእርሻ ታጥቦ ከሚመጣው አፈርና ማዳበሪያ ነው። መገጭ፣ ርብ፣ ጉማራ፣ ግልገል አባይ ቀይ ሆነው ሲወርዱ ያየ ሰው ይገባዋል። የአንዲት ትንሽ ከተማ ፍሳሽ ከዚያ ጋር ሲወዳደር ጠብታ ነው። ግን ጠብታው የሚወድቀው እናንተው ዳርቻ ላይ ነው። እንቦጭን ከሚመግቡት አንዱ ፎስፈረስ ነው፤ አንድ ሰው በቀን አንድ ግራም ያህል ያወጣል። ሃያ ሺህ ሰው ሃያ ኪሎ። አንድ ኩንታል የዳፕ ማዳበሪያ ውስጥ ያለው ፎስፈረስም ሃያ ኪሎ ገደማ ነው። በየቀኑ አንድ ኩንታል ዳፕ ተሸክሞ ሄዶ ሐይቅ ውስጥ የሚደፋ ሰው ብታዩ ምን ትሉታላችሁ? ያውም በዚህ የማዳበሪያ ዋጋ።

እዚህ ላይ የኩሬው ትልቁ ድክመት ይመጣል። ኩሬ ዕዳውንና ጀርሙን ጥሩ አድርጎ ይቀንሳል፤ ፎስፈረሱን ግን ግማሹን እንኳ ላይይዝ ይችላል። ተራ ማሽንም በዚህ አይሻልም። ፎስፈረስ የሚያወጣ ልዩ ኬሚካል አለ፤ ግን በየወሩ ገዝታችሁ አትዘልቁትም። መፍትሔው ውሃውን በበጋ ወደ ጅረቱ አለመልቀቅ ነው። ቅድም «እመለስበታለሁ» ያልኩት 8 ሚሊ ግራምም መፍትሔው ይኸው ነው። ጅረቱ ሲደክም ውሃውን ወደ መሬት አዙሩት። ክረምት ጅረቱ ሲሞላ ልቀቁት።

ስለዚህ ለአትክልት ጥያቄዎ፦ ለአትክልት አይሁን፤ ለመሬት ግን ይሁን። ሰላጣ፣ ቲማቲም፣ ካሮት፣ ቃሪያ አይታሰብም። በወረቀት ላይ ኩሬው መስፈርቱን ቢያሟላም ደለሉ ሳይጠረግ የቀረ ዓመት ማን ይነግራችኋል? ባሕር ዛፍ፣ የዝሆን ሣር፣ የአጥር ዛፍ፣ ከተቻለም ችግኝ ጣቢያ ይጠጣ። ሣሩን ለከብት ካደረጋችሁት ውሃውን ሁለት ሳምንት አቁሙና አጭዳችሁ ስጡ፤ ከብቱ ገብቶ አይጋጥ። ምክንያቱ ኮሶ ነው። የኮሶ እንቁላል ከሰው ሰገራ ወደ ሣር፣ ከሣር ወደ ከብት ሥጋ ይገባል። ከዚያ በቁርጥና በክትፎ ተመልሶ ወደ እኛ ይመጣል። ዛሬ ጥሬ ፍሳሽ የሚፈስበት ሜዳ ላይ የሚግጥ ከብት ካላችሁ ማጣሪያውን ሳትጠብቁ ከዛሬ ጀምራችሁ ከልክሉ።

እስካሁን የተናገርኩት ሁሉ ፍሳሹ ማጣሪያው ጋ ከደረሰ ነው። ስብሰባ ላይ ሰው የሚረሳው ይህን ነው። የከተማችሁ ሕዝብ አብዛኛው የጉድጓድ ሽንት ቤት ነው ያለው። ሁሉም ቤት ቱቦ መዘርጋት ብዙ ጊዜ ከማጣሪያው ራሱ ይበልጥ ገንዘብ ይበላል። ጉድጓዱ ሲሞላ መጣጭ መኪና ይመጣል። መኪናው ሞልቶ የት ነው የሚደፋው? ይህን ሾፌሩን ሻይ ጋብዛችሁ ጠይቁት። መልሱ «ራቅ ብሎ» ከሆነ ማታ ማታ ጅረቱ ዳር ነው ማለት ነው። የጉድጓድ ዝቃጭ ከተራ ፍሳሽ በብዙ እጥፍ የከበደ ነው። ስምንት ሺህ ሊትር የጫነ አንድ መኪና ከአምስት መቶ እስከ አንድ ሺህ ሰው የቀን ፍሳሽ ያህል ዕዳ ሊይዝ ይችላል። ያ ጭነት በአንዴ ኩሬው ውስጥ ቢደፋም ኩሬውን ይመርዘዋል። ለዝቃጭ የራሱ ማድረቂያ መደብ ያስፈልገዋል፤ ከታች ጠጠር፣ ከላይ አሸዋ፣ የሚንጠባጠበው ውሃ ወደ ኩሬው የሚሄድ። በጋ ሁለት ሳምንት ያህል ይበቃዋል። ክረምት ግን በዚህ ዝናብ አይደርቅም፤ ከፊሉ መደብ ቆርቆሮ ይኑረው። የደረቀውን ዝቃጭ ወዲያው ለእርሻ አትስጡ። የወስፋት እንቁላል ከአንድ ዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ከምራችሁ አቆዩት።

ወደ ማጣሪያው መግባት የሌለባቸውም አሉ። ቄራ ካላችሁ ደም ለብቻው ይያዝ። የአንድ በሬ ደም ብቻውን ከሃምሳ ሰው የቀን ፍሳሽ ይበልጣል። ላቫጆና ጋራዥ የተቃጠለ ዘይት ወደ ቦይ እንዳይለቁ ማጥመጃ ጉድጓድ ያድርጉ። ዘይት ኩሬው ላይ ከተንሳፈፈ ፀሐዩንም አየሩንም ይዘጋል። ቆዳ ፋብሪካ ከመጣ ቆዳ የሚያለፋበትን ክሮም የተባለ ብረት በራሱ ግቢ ያውጣ፤ ኩሬው ክሮም አያጠፋም፣ ባክቴሪያዎቹን ግን ክሮም ያጠፋቸዋል። በረኪና በባልዲ ሽንት ቤት ውስጥ የሚደፉ ሆቴሎችንም አንድ በሉልኝ። የጠላ ቤቶቹ አተላ እንደ ድሮው ለላም ይሂድ። አተላ ፍሳሽ ውስጥ ሲገባ ከባድ ዕዳ ነው፤ ላሟ ጋ ግን ወተት ነው። የዝናብ ውሃ ደግሞ ከፍሳሹ ጋር በአንድ ቦይ አይሂድ። ሐምሌ ላይ ያ ጎርፍ ኩሬው ውስጥ ቢገባ የሦስት ሳምንቱን ሥራ በአንድ ከሰዓት ጠራርጎ ጣና ያስገባዋል።

ቦታ ስትመርጡ ከመኖሪያ ቢያንስ 500 ሜትር፣ ቢቻል አንድ ኪሎ ሜትር ይራቅ፤ የመጀመሪያው ኩሬ አንዳንድ ቀን ይሸታል። የነፋሱን አቅጣጫ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ። ሐይቁ መስከረም ላይ ከሚደርስበት ከፍታ በላይ ይሁን። ዋልካ አፈር ውሃ ስለሚይዝ ጥሩ ነው፤ ባዶውን ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከተቆፈረ በኋላ ለወራት ባዶ አትተዉት። ደንገሉ ባለበት ረግረግ ላይ ደግሞ በጭራሽ አትሥሩ። «ደንገል ያጣራል» የሚለውም እውነት ነው፤ ግን ደንገሉ የሚያጣራው ከኩሬ የወጣውን ነው። ጥሬ ፍሳሽ ከለቀቃችሁበት ራሱ ይታፈናል። ታንኳ ሠሪዎቹም ከነገ ወዲያ ደንገል ፍለጋ ይሰደዳሉ። ሌላም የሚመጣ ሐሳብ አለ፤ «እንቦጭ ፍሳሽ ያጣራል፣ ኩሬው ላይ እናልማው»። አንዳንድ አገር ሞክረውታል። በጣና ዙሪያ ግን ይህን ሐሳብ ያቀረበውን ሰው ቡና ጋብዛችሁ ሸኙት። አንድ ክረምት ግድግዳው ቢሸረሸር ሌላ የእንቦጭ ምንጭ ፈጠራችሁ ማለት ነው።

እንግዲህ ቁርጡን ልንገርዎ። ማጣሪያው ይሠራ፤ ማሽን ግን አይተከል። በመጀመሪያው ዓመት የዝቃጭ ማድረቂያ መደብ ሠርታችሁ መጣጭ መኪናው ሁሉ እዚያ እንዲደፋ አስገድዱ። በትንሽ ገንዘብ ትልቁን ጉዳት የሚያስቀረው ይህ ነው። ቄራውንና ላቫጆውን በዚያው ዓመት ያዙ። ቀጥሎ ኩሬዎቹን ሥሩ፤ ቱቦውን ግን ለገበያው፣ ለሆቴሎቹ፣ ለትምህርት ቤቱና ጥቅጥቅ ላለው መሃል ከተማ ብቻ ዘርጉ። ሌላው በመኪና ይሰብሰብ። ከኩሬው በታች ያለውን መሬት ለዛፍና ለሣር ከመጀመሪያው በፕላኑ ውስጥ አስገቡ፤ በኋላ እንጨምራለን ከተባለ አይጨመርም። አዋጅ ቁጥር 299/1995 የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማን፣ አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ የአካባቢ ብክለት ቁጥጥርን ይመለከታሉ። ግምገማውን እንደ ማኅተም ማስመቻ አትዩት። ጣና ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ስለሆነ ጠያቂ አይጠፋም።

አንድ ነገር ግን ዛሬውኑ መጀመር ይቻላል። የኦክስጅን መለኪያ መሣሪያ ከዩኒቨርሲቲ ወይም ከውሃ ቢሮ ተዋሱ። ሦስት ቦታ ለኩ፦ ከከተማዋ በላይ፣ ከከተማዋ በታች፣ ጅረቱ ጣና ከመግባቱ በፊት። የምትለኩት ጎህ ሲቀድ ይሁን። ቀን ላይ አልጌው ኦክስጅን ስለሚሠራ ቁጥሩ ያታልላል፤ ዓሣ የሚሞተው ሌሊቱ ሲያልቅ ነው። በሊትር ከ5 ሚሊ ግራም በታች ከሆነ ተጠንቀቁ። ከ2 በታች ከሆነ ብዙው ዓሣ ሄዷል ወይም ሞቷል። መሣሪያ ካጣችሁ ድንጋይ ገልብጣችሁ እዩ። ከሥሩ ቀጫጭን ቀይ ትሎች ብቻ ከሆኑ ኦክስጅኑ በጣም አንሷል። ይህን ከመስከረም እስከ ግንቦት በየወሩ በደብተር ጻፉ። «ወንዝ ራሱን ያጠራል» ላለው ሰውዬ የምታሳዩት ያንን ደብተር ነው።

በሚቀጥለው ስብሰባ ደግሞ ስለ ምርቃቱ ከመነጋገራችሁ በፊት አንድ ጥያቄ ያንሡ፦ በአራተኛው ዓመት ደለሉን የሚጠርገው ማን ነው? ደመወዙስ በየትኛው በጀት ተይዟል?